ለውጊያ የሚሆን ሞዴል የጦር መርከብ ከባዶ መሥራት፦ የትኛዋን ልምረጥ? ከየትስ ልጀምር?

ጀማሪ መርከበኛ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዳላስ አካባቢ ሲሆን የእንጨት ሥራ እወዳለሁ፤ ለቤቴ የሚሆኑ ወንበሮችንና መደርደሪያዎችን ራሴ እሠራለሁ። በቅርቡ በአንድ ኩሬ ውስጥ በሬዲዮ የሚመሩ የጦር መርከቦች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ተመለከትኩ። ከመድፎቻቸው እውነተኛ የብረት ጥይት ይወጣል፤ የተመታችው መርከብ ጎኗ ይበሳል፣ ውኃ ይገባባታል፣ ከበዛባትም ትሰጥማለች። ባለቤቷ ገብቶ ያወጣታል፣ ቀዳዳዋን ይደፍናል፣ እንደገናም ወደ ውጊያው ይመልሳታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቀፎ (የመርከቧን አካል) ሳልገዛ ከመጀመሪያው እንጨት ጀምሬ ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ያሰብኩት የጃፓኗን ግዙፍ የጦር መርከብ ያማቶን ነው፤ ትልቅ መርከብ ብዙ ምት ትችላለች ብዬ ስለምገምት። ይህ ካልሆነ ደግሞ የቀድሞው የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችውን «ኢትዮጵያ»ን ብሠራት ደስ ይለኛል። መድፎቹስ እንዴት ይሠራሉ? ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የሂዩስተኑ አናጢ

እንኳን ደህና መጡ ወንድሜ። የሚኖሩበት ቦታ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሞዴል መርከቦችን በጥይት ማዋጋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ መጠን። ክለቦቻችን የሚሠሩበት ልኬት 1፡144 ነው። ያማቶ 263 ሜትር ርዝመት ስለነበራት ሞዴሏ 1 ሜትር ከ83 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። ክብደት ግን የሚያንሰው በሌላ ስሌት ነው፤ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም እያንዳንዳቸው በ144 ስለሚካፈሉ ክብደቱ በ144 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር ይካፈላል። ሙሉ ጭነቷን ይዛ 72,000 ቶን ገደማ የነበረችው ያማቶ 24 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ይህን ክብደት ከመኪና አውርዶ በጭቃማ ዳርቻ ተሸክሞ መሄድና ስትሰጥም ሆዷ ውኃ እንደሞላ ጎትቶ ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ሰፊ ጎን ማለት ሰፊ ዒላማ ማለት ነው፤ ጀማሪ መሪ ደግሞ ትልቅ መርከብን በጠባብ ቦታ ማዞር ይከብደዋል።

«ኢትዮጵያ»ን በተመለከተ ስሜትዎን እጋራለሁ። መርከቧ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ «ኦርካ» ተብላ እ.ኤ.አ. በ1944 አገልግሎት የጀመረች የባሕር አውሮፕላኖች መንከባከቢያ ነበረች፤ በ1962 ለእኛ ተሰጥታ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የካዴቶች ማሠልጠኛ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሏ 66 ሴንቲ ሜትር ነው። ሙሉ ክብደቷ ግን 2,800 ቶን አካባቢ ነበርና በእኛ ልኬት አንድ ኪሎ ግራም እንኳ አትሞላም። በአንድ ኪሎ ውስጥ ቀፎውን፣ ባትሪውን፣ ሞተሩን፣ ፓምፑን፣ የጋዝ ሲሊንደሩንና መድፎቹን ማስገባት አይቻልም። ለመደርደሪያ የምትሆን ሞዴል ልትሠራ ከሆነ ግን እኔም በሥራው ለመተባበር ዝግጁ ነኝ፤ ይህች መርከብ በእጃችን ልትሠራ የሚገባት ናት።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክርዎ የጀርመኗን የጦር መርከብ ፎን ዴር ታንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አገልግሎት የጀመረች፣ በ1916ቱ የጁትላንድ ውጊያ የእንግሊዟን ኢንዲፋቲገብል ያሰጠመች መርከብ ናት። 171.7 ሜትር ርዝመትና 26.6 ሜትር ወርድ ነበራት፤ ሞዴሏ 1 ሜትር ከ19 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 18.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 7 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይኖራታል። አንድ ሰው ብቻውን ይሸከማታል፤ የሚያስፈልገውንም ዕቃ ሁሉ ትይዛለች። እውነተኛዋ መርከብ ፈጣን ስለነበረች ለሞዴሏ የሚፈቀደው ፍጥነትም ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ሰዎች ስለ መድፍና ስለ መልክ ብዙ ያስባሉ፤ የመርከቧን ዕድሜ የሚወስነው ግን ወደ ውስጥ የገባው ውኃ ነው። ውኃው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚጠራቀም፣ በምን እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ሳይወስኑ አንድ እንጨት እንኳ አይቁረጡ። መርከቧ እንደምትበሳ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የተበሳች ሆና እንድትዋጋ አድርገው ይሥሯት።

የካሊፎርኒያው

የአናጢውን ምክር አከብራለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምርጫ መርከቧ ሳትሆን ደንቡ ነው። በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ሥርዓቶች አሉ። በአንደኛው ሁሉም መርከቦች ባለ 0.177 ኢንች፣ ማለትም 4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳሉ፣ የሁሉም ጎን ደግሞ 1/32 ኢንች ውፍረት ባለው ባልሳ፣ ማለትም በጣም ቀላልና ለስላሳ በሆነ እንጨት፣ ይሸፈናል። ኢንተርናሽናል አር/ሲ ዋርሺፕ ኮምባት ክለብና ሞዴል ዋርሺፕ ኮምባት የሚባሉት በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በሁለተኛው ሥርዓት የጥይቱ ስፋት ከእውነተኛዋ መርከብ መድፍ ጋር፣ የባልሳው ውፍረት ደግሞ ከእውነተኛዋ የብረት ጥሩር ጋር ተመጣጥኖ ይወሰናል፤ ትልልቆቹ እስከ 1/4 ኢንች የሚደርስ ጥይት ይተኩሳሉ። እኔ የምዋጋው በዚህኛው ነው።

ስለዚህ ወንድማችን ያማቶን መመኘታቸው መሠረት የሌለው ምኞት አይደለም። በእኛ ሥርዓት ወፍራም ጎንና ትልቅ መድፍ የትልቅ መርከብ ጥቅም ናቸው። በዳላስ አካባቢ ያለው ክለብ የሚከተለውን ሳይጠይቁ ከጀመሩ ግን ሌላ ቦታ ተቀባይነት የሌላት መርከብ ይዘው ይቀራሉ። የክለቡን ደንብ አግኝተው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት፤ የአጥንቶቹ (የመርከቧን ቅርጽ የሚይዙት ፍሬሞች) ስፋት፣ በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት፣ ጠንካራ መሆን የሚፈቀድለት የሆድ ክፍል ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

የሂዩስተኑ አናጢ

የካሊፎርኒያው ወንድማችን ትክክል ናቸው፤ ደንቡ ይቀድማል። ከዚህ በታች የምጽፈው ወንድማችን ያዩት ውጊያ ሁሉም እኩል ጥይት የሚተኩስበት ነው ብዬ በመገመት ነው።

ስለ ቀፎው አሠራር። የመርከቧን ንድፍ በ1፡144 ልክ ያሳትሙ። ንድፉ መርከቧን ከፊት እስከ ኋላ በየተወሰነ ርቀት ቆርጦ የሚያሳዩ ቅርጾች አሉት፤ እነዚህ የጎን አጥንቶችዎ ይሆናሉ። ጥሩ የበርች ኮምፔንሳቶ ይምረጡ፤ ርካሹ ኮምፔንሳቶ ውስጡ ክፍተት ስላለው ውኃ ሲጠጣ ይላቀቃል። እያንዳንዱን አጥንት ከቆረጡ በኋላ መሐሉን አውጥተው ይጣሉት፤ የሚቀረው ጠባብ ፍሬም ብቻ ይሁን። አጥንቶቹን በአከርካሪው፣ ማለትም ከሥር ከፊት እስከ ኋላ በሚሄደው እንጨት፣ ላይ ካቆሙ በኋላ ከላይ በኩል ዙሪያውን በሚሄድ ጠርዝ ያገናኟቸው። ይህ ጠርዝ የመርከቧን ቅርጽ ይይዛል፣ የላይኛው ወለል ይቀመጥበታል፣ ባልሳውም በእርሱ ላይ ይለጠፋል፤ ሲሠሩት አይቸኩሉ።

የሆዷን ክፍል በቀጫጭን የእንጨት ጣውላ ይሸፍኑና ከውጭም ከውስጥም ፋይበርግላስ ጨርቅ በኤፖክሲ ሙጫ ይለጥፉበት። ጎኖቿ ግን በአጥንቶቹ መካከል ክፍት መስኮት ሆነው ይቀራሉ፤ ጥይት የሚበሳው እነዚህን ነው። መስኮቱ ከውኃው መስመር በታችም ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ ደንቡ ይነግርዎታል።

አሁን ስለ ባልሳው በደንብ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ባልሳ በክሩ አቅጣጫ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ባዶ ባልሳ በጥይት ሲመታ አንድ ክብ ቀዳዳ በማውጣት አይቆምም፤ በክሩ ተከትሎ ይሰነጠቅና የጣት ርዝመት ያለው ክፍተት ይፈጥራል። ይህን ለመከላከል በላዩ ላይ ሲልክስፓን የሚባለውን ስስ ወረቀት ዘርግተን በዶፕ፣ ማለትም ወረቀቱን በሚያጠነክር ቫርኒሽ መሰል ፈሳሽ፣ እንቀባዋለን። ዶፑ በወረቀቱ አልፎ ወደ ባልሳው ይገባና ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ወረቀቱ ሲደርቅ ስለሚወጠር በስሱ እየደራረቡ፣ እያንዳንዱን ሽፋን በደንብ እያደረቁ መቀባት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ አብዝተው ከቀቡት ባልሳው ይጣመማል። በደንብ የተሠራ ጎን ሲመታ «ጧ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል፣ የጥይቱን ያህል ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ይህ ልዩነት መርከቧ አንድ ዙር ውጊያ እንድትጨርስ ወይም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንድትሰጥም ያደርጋል። ባልሳውን በሙጫ ወይም በኤፖክሲ ማጠንከር ግን በደንብ የተከለከለ ነው፤ ተቃዋሚዎም የእርስዎ ጥይት የሚገባበት ጎን ይዞ መጥቷልና።

ሽቦና ስታኞ

እኅታችሁ ነኝ፤ ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ቨርጂኒያ ሆኜ የባለቤቴን መርከብ ሽቦ የምሠራው እኔ ነኝ። አናጢው ጋሼ ስለ ውኃ ያሉትን ከኤሌክትሪክ በኩል ልቀጥልበት።

መርከቧ የምትሰጥም መሆኗን አምናችሁ ሽቦውን ዘርጉት። የሬዲዮ ምልክት የሚቀበለው ሪሲቨርና የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው በሳጥን ውስጥ ቢቀመጡም ሳጥኑ አንድ ቀን ውኃ ያስገባል፤ ስለዚህ ሰሌዳዎቹ ራሳቸው ውኃ በማያሳልፍ ሽፋን መቀባት አለባቸው። መያያዣዎቹን በሙሉ በስታኞ በይዳችሁ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፍኗቸው፤ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዋናው ፊውዝ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ ይሁን።

ባትሪን በተመለከተ ቀደም ሲል የነበሩት ባለ 6 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪዎች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎች ወደ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ተሸጋግረዋል፤ ሁለት ሴል ሲያያዝ 6.4 ቮልት ይሰጣል፣ ጉልበቱም እስከ መጨረሻው ብዙም አይወርድም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተራ ነገር አይደለም። አንድ መሪ ከውጊያው መውጣት ሲፈልግ ወዲያው አይወጣም፤ «አምስት» ብሎ ካሳወቀ በኋላ አምስት ደቂቃ በውኃው ላይ መቆየት አለበት። ጥይቱ አልቆበታል፣ ጎኑ ተበስቷል፣ ተቃዋሚዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ይከቡታል። ፓምፑ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው፤ ባትሪው እዚያ ላይ ከደከመ መርከቧ አለቀላት። አዲሱ ባትሪ ቀላል ስለሆነ ግን በታች በኩል የጎደለውን ክብደት በእርሳስ መተካት እንዳትረሱ።

የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ምልክት ውኃ ውስጥ አይሄድም ማለት ይቻላል። አንቴናውን ከመርከቧ ሆድ አውጥታችሁ በላይኛው ሕንጻዋ ውስጥ ከፍ አድርጉት። ምልክት ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲቆምና መድፉ እንዳይተኩስ ፌይልሴፉን (የሪሲቨሩን የአደጋ ጊዜ ቅንብር) አስተካክላችሁ፣ መሬት ላይ ማስተላለፊያውን አጥፍታችሁ ፈትኑት።

ጀማሪ መርከበኛ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአካባቢዬን ክለብ ጠይቄ ሁሉም መርከብ እኩል ጥይት የሚተኩስበትን ሥርዓት እንደሚከተሉ አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ ያማቶን ትቼ ፎን ዴር ታንን እሠራለሁ። ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቡኛል። አንደኛ፣ በውስጧ የሚኖረው የውኃ መሄጃ ምን ያህል ይስፋ? ሁለተኛ፣ የ12 ዓመት ልጄ አብሮኝ መሥራት ይፈልጋል፤ እናቱ ግን የጋዙን ነገር ስትሰማ ደነገጠች። እውነት አደጋ አለው?

የሂዩስተኑ አናጢ

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የእናቱ ጥያቄ መቅደም አለበት። መድፎቹ የሚሠሩት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ በተለመደው የክፍል ሙቀት ግፊቱ ከ800 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) በላይ ነው። ሬጉሌተሩ ይህን ዝቅ አድርጎ ለመድፎቹ ይሰጣል፤ ደንቡ የሚፈቅደው ከፍተኛው 150 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። አደጋው ያለው ከፍተኛ ግፊት ባለበት ክፍል ነውና ሲሊንደሩንና ሬጉሌተሩን ለዚሁ ተብለው ከተሠሩት ይግዙ፤ እነዚህን በእጅ መሥራት አይፈቀድም ብለው ይቁጠሩት። ሲሊንደሩን አፉ ወደ ላይ ሆኖ ያስቀምጡት፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባና ያበላሸዋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት፤ የቴክሳስን በጋ ያውቁታል።

መድፉ ራሱ ቀላል ነገር ነው። ከነሐስ ቱቦ የተሠራ ነው፤ ጥይቶቹ ከኋላ በተጠመዘዘ ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ መድፍ 50 ይፈቀዳል። በበርሜሉ መግቢያ ላይ ትንሽ ክብ ጎማ አለች፤ የመጀመሪያዋን ጥይት ይዛ ታቆማታለች። በሬዲዮ የሚታዘዘው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ቫልቩን ሲከፍት ጋዙ ይገፋል፣ ጥይቷ ጎማዋን አልፋ ትወጣለች፣ ቀጣይዋ ቦታዋን ትይዛለች። ጎማዋ ከላላች ጥይቱ ሳይታዘዝ ተንከባሎ ይወጣል፤ ከጠበቀች ደግሞ ጋዝ ይባክናል። በርሜሉን በትንሹ ወደ ታች ያዘንብሉት። የውጤት አቆጣጠሩ ምክንያቱን ይነግርዎታል፦ ከውኃው መስመር በላይ ያለ ቀዳዳ 10 ነጥብ፣ በመስመሩ ላይ ያለ 25፣ ከመስመሩ በታች ያለ 50 ነጥብ ያስገኛል።

ልጅዎ ኩሬው ዳር ካለ የመከላከያ መነጽር ማድረግ ግዴታው ነው፤ ለተመልካችም፣ ለተዋጊም፣ ለሁሉም። መርከቧ መሬት ላይ ሳለች በርሜሎቿ መደፈን አለባቸው። ጋዙን የሚያገናኘውና የሚፈታው አዋቂ ብቻ ይሁን። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ባልሳ መቁረጥና ወረቀት መለጠፍ ግን የልጁ ሥራ ይሁን፤ እጁ ትንሽ ስለሆነ በአጥንቶቹ መካከል ከእኛ ይልቅ እርሱ ይደርሳል።

ወደ ውኃው መሄጃ ልምጣ። በሆዷ መሐል ከፊት እስከ ኋላ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ይተዉ፤ ግራና ቀኙን ውኃ በማይጠጣ ፎም ሞልተው በኤፖክሲ ይሸፍኑት። የላይኛው ገጽ ወደ ቦዩ ያዘንብል። ፓምፑ በቦዩ ዝቅተኛ ቦታ ይቀመጥ፤ ውኃውን የሚያወጣው ቀዳዳ በደንቡ 1/8 ኢንች ብቻ ስለሆነ ጉልበቱን በሙሉ መጠቀም ያስፈልጋል።

የካሊፎርኒያው

እዚህ ላይ አልስማማም። ጠባብ ቦይ ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ውኃው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሮጥና መርከቧን በአፍንጫዋ ይዞ ያወርዳታል። በተለይ የኋላ መድፎቿን እየተኮሰች የምትሸሽ መርከብ የምትመታው ከኋላዋ ነው፤ ውኃውም እዚያው ይጠራቀማል። እኔ ሰፋ ያለ ቦይ እመርጣለሁ።

የሂዩስተኑ አናጢ

ስጋትዎ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ቦዩን ማስፋት አይመስለኝም። በትሪ ላይ ውኃ ይዞ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ በሰፊ ቦታ የተዘረጋ ጥቂት ውኃ ትንሽ ሲያዘነብል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ሚዛን የሚያሳጣው ይህ የውኃ ሩጫ በስፋቱ ሦስተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ቦዩን በእጥፍ ካሰፉት ጉዳቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ወደ ጎን የምትገለበጥ መርከብ ፓምፗ ምንም ያህል ቢበረታ አትድንም፤ ወደ ኋላ ያዘነበለችው ግን ፓምፑ እዚያው ካለ ጊዜ ታገኛለች። ስለዚህ ፓምፑን ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉት፣ በቦዩም ውስጥ የውኃውን ሩጫ የሚያዘገዩ፣ ግን ከሥራቸው የሚያሳልፉ አጫጭር ከፋዮችን ይትከሉ።

የካሊፎርኒያው

ከፋዮቹ ካሉ እስማማለሁ። የፎሙን ከፍታ ግን ደንቡ ከሚፈቅደው አያሳልፉ፤ መርከቧ ከመስጠም የሚያድናት ተንሳፋፊ ነገር እንድትይዝ አይፈቀድም። ከፓምፑ መግቢያ ላይም ወንፊት ያድርጉ። ወደ ውስጥ የገቡ ጥይቶችና የባልሳ ፍርፋሪዎች ፓምፕ ያንቃሉ፤ ፓምፑ ታንቆ የሰጠሙ መርከቦችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሽቦና ስታኞ

ለጀማሪው ወንድማችን አንድ ጭማሪ አለኝ፤ የማውጫ ተንሳፋፊውን አይርሱ። ጠንካራ ክር የተጠቀለለበት ትንሽ ተንሳፋፊ በላይኛው ወለል ላይ ይቀመጣል፤ መርከቧ ስትሰጥም እርሱ ላይ ይቀርና የት እንዳለች ያሳያል። የኩሬ ውኃ ስለሚደፈርስ ያለ እርሱ ፍለጋው ይረዝማል፣ ኤሌክትሮኒክሱም ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጎዳል። ከወጣች በኋላ ውኃውን አፍስሱ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ሰሌዳዎቹን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ጭቃው ሲደርቅ የሚተወው ቅሪት ከውኃው የባሰ ነው።

ጀማሪ መርከበኛ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ፤ ባለቤቴም ስለ መነጽሩና ስለ ሲሊንደሩ የተጻፈውን አንብባ ፈቅዳለች። ንድፉን አሳትሜ በእጄ ገብቷል። የአጥንቶቹን ቅርጽ ኮምፔንሳቶው ላይ ከማስተላለፌ በፊት ላረጋግጠው የሚገባ ነገር አለ?

የሂዩስተኑ አናጢ

አለ። ማተሚያ ማሽኖች ወረቀቱን በአንድ አቅጣጫ የመሳብ ጠባይ ስላላቸው ርዝመቱንም ወርዱንም ለየብቻ በብረት ማስመሪያ ይለኩ። ርዝመቱ 119.2፣ ከሁሉ የሚሰፋው አጥንት ደግሞ 18.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው ካልሆነ እንደገና ያሳትሙ፤ በመቁረጥ አይስተካከልም። የአጥንቶቹ ቅርጽ የተሳለው እስከ ውጭው ቆዳ ድረስ ከሆነ ደግሞ የባልሳውን ውፍረት፣ በሆዷ በኩልም የጣውላውን ውፍረት ከዙሪያው ይቀንሱ፤ ካልቀነሱ መርከቧ ከልኳ ትሰፋለች። የውኃውን መስመር በእያንዳንዱ አጥንት ላይ ከመቁረጥዎ በፊት በእርሳስ ያስምሩ፤ ከተቆረጠ በኋላ ማግኘቱ አድካሚ ነው።

ቀፎው እንዳለቀ ባልሳውን ከመለጠፍዎ በፊት መስኮቶቹን በፕላስቲክ ሸፍነው ገንዳ ውስጥ ያስቀምጧት፤ ባትሪውን፣ ሲሊንደሩንና ፓምፑን በየቦታቸው አድርገው እስከ መስመሩ እስክትወርድ እርሳስ ይጨምሩ፤ እርሳሱ በቦዩ ግራና ቀኝ እኩል ይደርደር። ከዚያ ሁለት ሊትር ውኃ ቀስ እያሉ ያፍስሱባትና ወደየት እንደምታዘነብል ይመልከቱ። ፎቶውን እዚህ ቢለጥፉልን የፓምፑን ቦታ አብረን እንወስናለን።